ከደንገል ታንኳ እስከ ብረት መርከብ

ማንኩሳ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መካከል፣ በዋናው መንገድ ላይ የምትገኝ የምዕራብ ጐጃም ትንሽ ከተማ ናት። ብዙው አንባቢ ስሟን የሚያውቀው ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» በተባለው ልብ ወለድ ነው። ከደጃፏ ሐይቅም ወደብም የለም። ይሁን እንጂ የጐጃምን ውሆች ጠባይ ለመረዳት ለሚሻ ሰው ከማንኩሳ የተሻለ መቆሚያ በቀላሉ አይገኝም። ከዚያ ቆሞ ወደ ሰሜን ያየ እንደ ሆነ ምድሩ ከፍ እያለ ወደ ሰከላ ደጋ ይወጣል፤ በዚያ ደጋ ከግሽ ዐባይ የፈለቀው ግልገል ዐባይ ፊቱን ወደ ጣና ያዞራል። ወደ ደቡብ ያየ እንደ ሆነ ደግሞ ብርና ፈጣምን የመሳሰሉት ወንዞች ወደ ታላቁ ዐባይ ሸለቆ ሲወርዱ ያገኛል። ከሰከላ ወደ ሰሜን የሄደው ውሃ ጣና ገብቶ፣ በባሕር ዳር ወጥቶ፣ ጐጃምን በምሥራቅና በደቡብ ከከበበ በኋላ፣ ወደ ደቡብ የወረዱትን ወንዞች በሸለቆው ውስጥ ተቀብሎ ጉዞውን ይቀጥላል።

ጐጃም እንግዲህ በውሃ የታጠረ አገር ነው። የጥንቱ የቡሬ ነጋዴ አሞሌውን ጭኖ ወደ ወለጋ ለመውረድ ዐባይን መሻገር ነበረበት። ክረምት ገብቶ ወንዙ ሲሞላ መንገዱ ይዘጋል፤ በጋ ሲመጣ ደግሞ ሰውም ከብትም ሸቀጥም በመልካው በኩል፣ በዋናና በተነፋ ቆዳ ይሻገራል። ከዚያው ገበያ ተነሥቶ ወደ ጐንደር የሚሄደውን ነጋዴ ግን ሌላ ውሃ ይጠብቀዋል። ጣናን በምሥራቅ ወይም በምዕራብ ይዞራል፤ ካልዞረም በላዩ ይሄዳል። ዐባይ ለያይ ነው፤ ጣና ግን አገናኝ። ወንዙ ያጠረውን አገር ሐይቁ በውሃው ላይ መንገድ ከፍቶለታል። በዚያ መንገድ ላይ ማን በምን ተጓዘ? መጓጓዣውንስ ማን ሠራው? መልሱ ከደንገል ታንኳ ተነሥቶ እስከ ብረት መርከብ የሚደርስ ታሪክ ነው።

* * *

ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተንጣለለ፣ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሸፍን፣ 37 ያህል ደሴቶችን ያቀፈ ሐይቅ ነው። ስፋቱን አይቶ ጥልቅ ነው ብሎ የሚገምት ሰው ግን ይሳሳታል፤ ጥልቅ የተባለው ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው። ከዚህም ሌላ ከሜዲትራኒያን ባሕር ተነሥቶ በዐባይ ወንዝ ሽቅብ የሚመጣ መርከብ ሁሉ ጣና ሳይደርስ ይቀራል፤ ሸለቆውና የጢስ ዐባይ ፏፏቴ መንገዱን ዘግተውበታል። ሐይቁ ከባሕር ጋር በወንዝ ተያይዟል፤ ለመርከብ ግን በሩ ዝግ ነው። በጣና ላይ የሚንሳፈፍ ነገር እንግዲህ ወይ ከራሱ ከሐይቁ ዳር የበቀለ መሆን አለበት፣ ወይ ደግሞ በየብስ ተራራ ወጥቶ፣ ቍልቍለት ወርዶ የመጣ። የጣና መርከቦች ታሪክ በእነዚህ በሁለቱ መካከል የሚገኝ ነው።

ከሐይቁ ዳር የበቀለው ታንኳ ነው። ደንገሉ ታጭዶ በፀሐይ ይደርቃል፤ በነዶ በነዶ ተደርጎ በጥብቅ ይታሰራል፤ ጫፉ ወደ ላይ ቀና ብሎ ይሾላል። ከሆዱም ውስጥ ሌላ የደንገል ንጣፍ ይደረግለታል፤ ተሳፋሪውና ዕቃው የሚቀመጡት በዚያ ላይ ነው። ምስማር የለበትም፤ ሳንቃም የለበትም። ውሃ ቢገባበት እንኳ ደንገሉ በራሱ ስለሚንሳፈፍ በቀላሉ አይሰጥምም። ጠላቱ የሚጠጣው ውሃ ነው። ከጉዞ በኋላ ከውሃ ወጥቶ ካልደረቀ እየከበደ፣ እየበሰበሰ ይሄዳል፤ ስለዚህ ዕድሜው በወራት የሚቈጠር ነው። ቀዛፊውም የሐይቁን ጠባይ ያውቃል፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነሥቶ ማዕበሉ ሳይበረታ፣ ገና በማለዳ ይነሣል።

በዚህ ዕድሜው አጭር በሆነ ነገር ላይ ረጅም ታሪክ ተሻግሯል። የዘጌ ቡናና ማገዶ ወደ ገበያ የወጣው፣ እህል ወደ ደሴቶቹ የገባው በታንኳ ነው። በዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም የነገሥታት ዐፅም አርፏል፤ ሌላ መርከብ ባልነበረበት ዘመን ያ ዐፅም ወደ ደሴቱ የተሻገረው በደንገል ላይ ነው። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ዓመት በደቅ ደሴት የናርጋ ሥላሴን ቤተ ክርስቲያን ሲያሠሩም ከየብስ የመጣው ሠራተኛና ዕቃ ሁሉ ከዚሁ ሌላ መንገድ አልነበረውም። ንጉሥና መነኩሴ፣ ነጋዴና ማገዶ ሻጭ እኩል የተቀመጡበት ቦታ ቢኖር የታንኳ ንጣፍ ነው።

ታንኳን በመሥራት ከሁሉ በላይ የታወቁት የነገደ ወይጦ ሰዎች ናቸው። እነዚህ የሐይቁ ዳር ነዋሪዎች ጉማሬ በማደን፣ ዓሣ በማጥመድ፣ ወፍጮ በመጥረብና ደንገል በማሰር ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ1770 ገደማ ጐንደር የነበረው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ የራሳቸው ቋንቋ እንደ ነበራቸው ጽፏል፤ ያ ቋንቋ ከጊዜ በኋላ ጠፍቶ ዛሬ አማርኛ ይናገራሉ። ጉማሬ ይበላሉ በሚል ክርስቲያኑ ጐረቤታቸው ተጸየፋቸው፤ እስልምናን ተቀብለው ሳለ እስላሙም እንደ ወገኑ አልቈጠራቸውም። ሰው ሁሉ በሠሩት ታንኳ ተሻገረ፤ ከእነርሱ ጋር በአንድ ማዕድ ለመቅረብ ግን የፈቀደ ጥቂት ነበር። ሸክላ ሠሪውን፣ ሸማኔውንና ቀጥቃጩን በሥራው ተጠቅሞ በስሙ የናቀው ማኅበረሰብ፣ በሐይቁ ዳርም ያደረገው ይህንኑ ነው።

* * *

ጣናን ከታንኳ በፈጠነ ነገር ለመሻገር የተመኙት ዐፄ ቴዎድሮስ ናቸው። በጥር 1858 ዓ.ም. የእንግሊዝ ንግሥት መልእክተኛ ሆርሙዝድ ራሳም በዳሞት ምድር ንጉሡ ፊት ቀረበ። ዳሞት ማለት ማንኩሳና ቡሬ ያሉበት አካባቢ ነው። ከዚያ በኋላ ሠፈሩ ወደ ጣና ዳር፣ ወደ ቆራጣና ወደ ዘጌ ዞረ። በዚያ ወራት የሆነውን ነገር ከራሳም ጋር የመጣውና በኋላ እስረኛ የሆነው ሐኪሙ ሄንሪ ብላንክ በመጽሐፉ ተርኮታል። ንጉሡ በእንፋሎት ስለሚሄዱት የአውሮፓ መርከቦች ሰምተዋል። እንፋሎት የሚያመነጨው ሞተር በእጃቸው አልነበረም፤ ደንገልና የሰው ጉልበት ግን ነበራቸው። ስለዚህ ከተራው ታንኳ እጅግ የሚበልጡ የደንገል ጀልባዎች አሠርተው፣ ከላይ እንጨት አስነጥፈው፣ በግራና በቀኝ በእጅ በሚዞር ዘንግ የሚሽከረከሩ መንኰራኵሮች አስገጠሙላቸው። በጀልባዎቹም ላይ ራሳቸው ወጥተው ሞከሯቸው።

የውጭ ሰዎች ይህን እንደ ልጅ ጨዋታ አይተው ፈገግ ብለውበታል። ነገሩ ግን ጨዋታ አልነበረም። ቴዎድሮስ ከእንግሊዝ ዘንድ አጥብቀው የፈለጉት የእጅ ባለሙያና የሥራ መሣሪያ ነበር፤ በጋፋት መድፍ ያስቀለጡትም፣ በጣና መንኰራኵር ያስዞሩትም በአንድ አሳብ ነው። የሰለጠነው ዓለም በብረት ያደረገውን፣ አገሩ በሰጠው ነገር ለመጀመር። ሙከራው አልቀጠለም፤ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ከባለቤቱ ሕይወት ጋር ተፈጸመ። ቢሆንም በጣና ላይ ስለ ፈጣን መርከብ በሚጻፍ ታሪክ ውስጥ የመጀመሪያው ምዕራፍ የዚያ የደንገልና የመንኰራኵር ጋብቻ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

በዚያው ዘመን በሌላው የዓለም ዳርቻ አንድ ተመሳሳይ ነገር ይከናወን ነበር። በደቡብ አሜሪካ፣ በፔሩና በቦሊቪያ መካከል፣ ከባሕር ጠለል በላይ 3,800 ሜትር ገደማ ላይ የሚገኝ ቲቲካካ የሚባል ሐይቅ አለ። በዚያም የሐይቁ ዳር ሰዎች እንደ ጣና ሰዎች ከቄጠማ ጀልባ ይሠራሉ። የፔሩ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1861 «ያቫሪ» እና «ያፑራ» የተባሉ ሁለት የብረት መርከቦችን በእንግሊዝ አገር አዘዘ። መርከቦቹ ተፈታተው በበቅሎ ጀርባ አንዲስ ተራራን ወጡ፤ «ያቫሪ» ተገጣጥማ ውሃ ላይ የወረደችው እ.ኤ.አ. በ1870 ነበር። በተራራ ላይ ሐይቅ ያለው ሕዝብ መርከብ ሲፈልግ በቅድሚያ መንገድና የጭነት ከብት ያስፈልገዋል። ቴዎድሮስ ያጡት አሳቡን አልነበረም። መሣሪያውን ገዝቶ ወደ ሐይቁ የሚያደርስ ሰላምና መንገድ ነበር።

ስድሳ ዓመታት ካለፉ በኋላም ታንኳ ቦታውን አልለቀቀም። እ.ኤ.አ. ከ1925 ጀምሮ በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሮበርት ቺዝማን ጣናን ዙሪያውን ዞሮ፣ ደሴቶቹን ጐብኝቶ፣ ካርታውን አንሥቶ እ.ኤ.አ. በ1936 መጽሐፍ አሳተመ። እንግሊዞች የጣናን ውሃ የፈለጉት ለሱዳንና ለግብፅ እርሻ ነበር። ይሁን እንጂ ያ ታላቅ መንግሥት የላከው ሰው ሐይቁን የለካው በደንገል ታንኳ ላይ ተቀምጦ ነው።

* * *

ብረቱ የመጣው ከወራሪ ጋር ነው። የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር በ1928 ዓ.ም. ጐንደርንና ባሕር ዳርን ከያዘ በኋላ በጐርጐራ ወደብ ሠራ፤ በሐይቁም ላይ በሞተር የሚሄዱ ጀልባዎችን አሰማራ። ያኔ ሊማሊሞን የሰነጠቀው የመኪና መንገድም የተሠራው በዚሁ ዘመን ነው። መንገዱም ወደቡም አንድ ዓላማ ነበራቸው፦ ወታደርና ስንቅ ማቀባበል፣ ያልገበረውን አርበኛ መክበብ። በጐርጐራ ወደብ የከፈተው ኃይል በማንኩሳ ምሽግ ነበረው። በየካቲት 1933 ዓ.ም. ከሱዳን ጠረፍ በግመል የተጓዘው የጌዴዎን ጦርና የጐጃም አርበኞች በቡሬና በማንኩሳ ምሽጎች ላይ ሲነሡ፣ ጠላት ምሽጎቹን እየለቀቀ ወደ ደብረ ማርቆስ አቅጣጫ አፈገፈገ። የጐንደሩም ጦር በኅዳር 1934 ዓ.ም. እጁን ሰጠ።

ምሽጉ ፈረሰ፤ ወደቡ ግን ቀረ። ለጦር የተሠራ ነገር በሰላም ጊዜ የሕዝብ ሊሆን እንደሚችል ጐርጐራ ምስክር ነው። ከነጻነት በኋላ «ናቪጋታና» በሚል ስም የታወቀው ኩባንያ በባሕር ዳርና በጐርጐራ መካከል ሰውና ጭነት ያመላልስ ነበር። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ሥራው በመንግሥት እጅ ገብቶ የጣና ሐይቅ ትራንስፖርት ድርጅት ተባለ። ከመርከቦቹም መካከል ስሟ በሐይቁ ዳርቻ ሁሉ የታወቀው «ጣናነሽ» ናት። ሕዝቡ ለልጁ በሚያወጣው ዓይነት ስም የተጠራች መርከብ መሆኗ ራሱ ብዙ ይናገራል፤ ወራሪው በራሱ ቋንቋ ከጠራው ጀልባ ተነሥቶ እስከ «ጣናነሽ» ድረስ ያለው ርቀት የዋዛ አይደለም።

የጣናነሽ ጉዞ ለብዙ ዓመታት እንዲህ ነበር። እሑድ ማለዳ ከባሕር ዳር ትነሣለች፤ ዘጌንና ደቅን እየነካች በምዕራቡ ዳር ወደምትገኘው ቁንዝላ ትደርሳለች፤ ተሳፋሪው እዚያው ያድራል። ሰኞ ጉዞዋን ቀጥላ ጐርጐራ ትገባለች፤ በሳምንቱ መጨረሻም በመጣችበት ትመለሳለች። ከባሕር ዳር እስከ ጐንደር በየብስ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መኪና በጥቂት ሰዓት ይጨርሰዋል። መርከቧ ከጐንደር በታች ያለችውን ጐርጐራን ለመድረስ ሁለት ቀን ትወስዳለች። በሰዓት ቆጣሪ ከተለካ ጣናነሽ በምሥራቁ አስፋልት ገና ድሮ ተሸንፋለች።

ፍጥነት ግን ለብቻው የሚለካ ነገር አይደለም። ለባሕር ዳር ነጋዴ መርከብ ከመኪና ቀጥሎ የሚታሰብ አማራጭ ነው። ለደቅ ደሴት ገበሬ ግን መኪና የሚባል አማራጭ የለም። በርበሬውንና እህሉን የሚያወጣ፣ ምጥ የያዛትን ሴት ወደ ሐኪም የሚያደርስ፣ ተማሪውን ወደ ከተማ የሚያሻግር በሳምንት አንድ ቀን እንኳ ቢሆን የሚመጣ መርከብ ካለ፣ ያ መርከብ ለእርሱ ከሁሉ የፈጠነ ነው። ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ ገዳማት የሚከንፉት ትንንሽ የሞተር ጀልባዎች በእርግጥ ይፈጥናሉ፤ ጐብኚውን አድርሰው በዕለቱ ይመልሱታል። የደሴቱ ሰው ግን የሚጠብቀው ዘገምተኛዋን ነበር፤ ምክንያቱም እርሷ ከነበሬው፣ ከነኩንታሉ፣ ከነዘመዱ ትሸከመዋለች።

* * *

ብረቱ በሐይቁ ላይ ሲመላለስ ደንገሉ ራሱ ከጣና ወጥቶ ውቅያኖስ ተሻግሯል። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል የጥንት ሰዎች በደንገል ጀልባ አትላንቲክን ሊሻገሩ ይችሉ እንደ ነበር ለማሳየት ሲነሣ፣ ደንገሉን ያገኘው ከጣና ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 በግብፅ ፒራሚዶች አጠገብ የተሠራችው «ራ» የተባለች ጀልባ ከሞሮኮ ተነሥታ ብዙ ከተጓዘች በኋላ መድረሻዋ ሳትደርስ ተፈታታች። በሚቀጥለው ዓመት ሁለተኛይቱ «ራ» ከሳፊ ወደብ ተነሥታ በ57 ቀን ባርቤዶስ ገባች። የመጀመሪያይቱን የሠሩት ከቻድ ሐይቅ የመጡ፣ ሁለተኛይቱን የሠሩት ደግሞ ከቲቲካካ የመጡ ባለሙያዎች ነበሩ። ደንገሉ የጣና ሆኖ፣ እጁ የሌላ ሆነ። የዓለም ጋዜጦች ስለ ደንገል ጀልባ በጻፉበት በዚያን ጊዜ ደንገሉን ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ ሲያስር የኖረው የነገደ ወይጦ ሰው እዚያው ዳር ላይ፣ እንደ ተናቀ ነበር።

ብረትና ደንገል ባላንጣ ይመስላሉ፤ እጣቸው ግን አንድ መሆኑ በ1995 ዓ.ም. ታየ። በ1988 ዓ.ም. ዐባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በጨረጨራ ግድብ ተሠርቶ፣ ውሃው ለጢስ ዐባይ የኤሌክትሪክ ማመንጫ እየተመጠነ ይለቀቅ ነበር። በ1995 ዓ.ም. የዝናብ ማነስና ለኤሌክትሪክ የተለቀቀው ውሃ ብዛት ተደምረው የሐይቁ ከፍታ ከ1,785 ሜትር በታች ወረደ። መርከቦች ያለ ችግር ለመሄድ የሚያስፈልጋቸው ከፍታ ያ ነው። ለወራት መቆም ግድ ሆነባቸው። በዚያው ጊዜ ውሃው የሸሸው ዳርቻ ታረሰ፤ ሰፊ የደንገል መስክም ጠፋ። መርከቧ ውሃ ስታጣ ታንኳውም ሥሩን አጣ። ከዚያም እ.ኤ.አ. በ2011 እምቦጭ የተባለው አረም በሐይቁ ላይ መታየቱ ተረጋገጠ፤ በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻ ተስፋፍቶ የጀልባውን መንገድ፣ የዓሣውን መራቢያና የደንገሉን ቦታ በአንድነት አነቀ።

ይህ ሁሉ ሲሆን አዲስ ነገር መምጣቱም አልቀረም። በግንቦት 2016 ዓ.ም. ዐባይ ከጣና በሚወጣበት በባሕር ዳር 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲስ ድልድይ ተመረቀ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ «ጣናነሽ 2» የተባለች መርከብ ከጅቡቲ ተነሥታ በከባድ ተሽከርካሪ ላይ ተጭና፣ በረሃውን አቋርጣ፣ ተራራውን ወጥታ ወደ ባሕር ዳር ተጓዘች። በየከተማው ሕዝቡ መንገድ ዳር ወጥቶ በየብስ የምትሄደውን መርከብ አየ። ያቫሪ በበቅሎ፣ ጣናነሽ 2 በጎማ፤ ሕጉ ግን አንድ ነው። ተራራ ላይ ያለ ሐይቅ መርከቡን የሚቀበለው በትከሻ ነው።

መርከብ ወደ ጣና መምጣቷ መልካም ነው፤ ነገር ግን መርከብ ከውሃ በላይ አትኖርም። ውሃው የሚጀምረው ደግሞ ከወደቡ አይደለም። ሰከላ ላይ የተቆረጠ ዛፍ፣ ተዳፋት ላይ ያለ እርከን የታረሰ ማሳ አፈሩን ለግልገል ዐባይ ይሰጣል፤ ግልገል ዐባይም ወስዶ ጥልቀት በሌለው ሐይቅ ውስጥ ይደፋዋል። ከደጋው የሚወርደው ደለል በበዛ ቍጥር የመርከቧ መንገድ ይጠባል። ስለዚህ ከማንኩሳ በላይ ባለው ደጋ ላይ እርከን የሚሠራ ገበሬ መርከብ አይቶ ባያውቅም የመርከብ መንገድ ጠራጊ ነው።

የሐይቁ ታሪክ ሲጻፍም የመርከቦቹ ስም በወደቡ መዝገብ ይገኛል፤ የነገሥታቱ ስም በገዳማቱ፣ የተጓዦቹ ስም በመጻሕፍቱ ይገኛል። ንጉሡን ያሻገረው፣ ቆንስሉን የተሸከመው፣ ቴዎድሮስ መንኰራኵር የገጠሙለት የደንገል ሥራ ግን ሠሪው በስም አልተመዘገበም። ሐይቁ ዛሬም ዳር ዳሩን ደንገል አለው፤ ደንገሉን ማሰር የሚችሉ እጆችም አልጠፉም። ለጣናነሽ 2 መልሕቅ መጣያ ባለበት በባሕር ዳር ዳርቻ ለእነዚያ እጆች ሥራቸውን የሚያሳዩበትና የሚያስተምሩበት ቦታ ቢሰጥ፣ ስማቸውም በነጻነት ቢጠራ፣ ጐጃምና ጐንደር በእነርሱ ሥራ ለተሻገሩበት ዘመን ሁሉ የመጀመሪያው የምስጋና ክፍያ ይሆናል።